ክምሩን ማን ደፈነው

ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ እስከ ሰው ደጃፍ ድረስ በበቀለበት መንደር፣ ምንይችል እንቅልፍ እንደሌለው የማያውቅ ሰው የለም። ስለ ሌላው ሰው «ጎበዝ አራሽ ነው»፣ «ነገር አዋቂ ነው» ይባላል። ስለ ምንይችል የሚባለው «እሱ እኮ አይተኛም» ነው። ሲባልለት ደስ ይለው ነበር፤ ምስኪን፣ ሌላ የሚባልለት ነገር አልነበረውማ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከታላቅ ወንድሙ ከደርበው ጋር እንጨት ሲቆርጥ፣ ከሰል በማዳበሪያ ሞልቶ መኪና ላይ ሲጭን የሚውል፣ ጥር ሲመጣ ደግሞ ለፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ድረስ የሚጋልብ ሰው ነበር። አንድ ቀን በተጫነ አይሱዙ አናት ላይ ቆሞ ገመድ ሲያጠብቅ ገመዱ ተበጠሰና በጀርባው ወደቀ። ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሰው ሲደነግጥ አይቶ ሣቀ። ሕመሙ የመጣው በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልሄደም።

ከወገቡ ይጀምርና በግራ ጭኑ አድርጎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል። ቀን ቀን በሥራና በወሬ መሐል ትንሽ ይዘነጋዋል። ጋደም ሲል ግን በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ይጠፋዋል፤ በቀኙ ቢዞር ይወጋዋል፣ በግራው ቢዞር ያቃጥለዋል፣ በጀርባው ቢንጋለል ትንፋሹ ይቆማል። ወጌሻ አሸው። ጸበል ተጠመቀ። በመጨረሻ እንጅባራ ሄዶ ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «አጥንትህ ደህና ነው» አለው። ሌላም ነገር ተናግሮ ነበር፤ የተጎዳው ከዳነ በኋላም ሕመሙ ሊቆይ እንደሚችል፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት እንደሚያብሱት፣ በደንብ መተኛት እንዳለበት። አብሮት የገባው ደርበው የያዘው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቤት ሲደርሱ ለእናታቸው ለየሻረግ «አጥንቱ ደህና ነው ተብሏል» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንይችል ባቃሰተ ቁጥር ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር።

የማይታይ ሕመም እንዲህ ነው። እጁ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ መንደሩ በሙሉ ባለቀሰለት ነበር።

በደርበውም መፍረድ ይከብዳል። የሁለት ሰው ሥራ ለብቻው እየሠራ ፊቱ የጠቆረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በእናታቸው ፊት የሆዱን ተናገረ። «ዛፉን አብረን ተከልነው፤ የምቆርጠው ግን እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲያው መሬቱን እኔ ልያዘው። እሱም እንጅባራ ይሂድና ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ይፈልግ።» የሻረግ አልመለሰችም። ምንይችልን ያስፈራው የወንድሙ ንግግር ሳይሆን የእናቱ ዝምታ ነበር። ሚስቱን ልክየለሽንና ገና አፏን እየፈታች ያለችውን ልጁን ቤዛዊትን ይዞ ወዴት ይሄዳል? እንኳን ጥበቃ ሆኖ የሰው በር ላይ መቆም፣ ከወንበር መነሣትስ ያቅተው የለም እንዴ?

«ክምሩን እኔ እጠብቃለሁ» ያለው ያን ጊዜ ነው። «እኔ እንደሆነ አልተኛም።»

የከሰል ክምር ጠባቂ ይፈልጋል። እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና ቅጠል ለብሶ፣ በአፈር ተደፍኖ ከውስጥ ይለኮስና ታፍኖ ቀስ እያለ ለቀናት ይጨሳል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተቀደደ ነፋስ ይገባል፣ እሳቱ ይነሣል፣ የወራት ልፋት ሲነጋ አመድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ፣ አካፋውን ይዞ፣ የተቀደደውን ወዲያው መድፈን አለበት። ጎኑ ሲቀደድ ቀላል ነው። አናቱ ሲቀደድ ግን ላዩ ላይ መውጣት ይመጣል። ከሥር ያለው እንጨት እየነደደ ስለሚሟሽሽ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ እግር ባልሆነ ቦታ ካረፈ አፈሩ ይደረመሳል። በዚያ አገር በዚህ መንገድ እግሩን ያጣ ሰው የማያውቅ የለም።

ደርበው ሐሳቡን ሲሰማ ሣቀ፤ ሆኖም ተስማማ። እውነትም ለጥበቃ ከማይተኛ ሰው የተሻለ ከየት ይገኛል? እዚህ ላይ ሁሉም ተሳሳቱ፣ ምንይችልም ጭምር። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንቅልፍ አይፈልግም ማለት፣ የራበው ሰው እህል አይወድም እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክምሮች በደህና ወጡ። ከሰሉ ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ፣ ሲነካ እንደ ብረት የሚጮህ ዓይነት ነበር። ሰው አመሰገነው። ደርበው እንኳን «ምንም አይልም» አለ፤ ከደርበው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ምንይችል ሕመሙ ለአንድ ነገር በመጥቀሙ ሊመርቀው ምንም አልቀረውም።

በዚህ ዓመት ግን አንድ ንጋት ላይ ከጎጆው አፍ፣ ከተቀመጠበት ጉቶ ላይ እንዳለ ቀና ሲል፣ የክምሩ ትከሻ ላይ እርጥብ አፈር አየ። ሌላው አፈር ደርቆ ነጥቷል፤ ይኸኛው ጥቁር ነው፣ አዲስ ነው። ከጎጆው ጋር አስደግፎት የነበረው አካፋም ከክምሩ ማዶ ወድቋል። ምንይችል ለማስታወስ ሞከረ። የጅብ ድምፅ መስማቱን ያስታውሳል። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል መስማቱን ያስታውሳል። በመሐሉ ምንም የለም።

ተኝቷል ማለት ነው። ተኝቶም ሳለ ተነሥቶ፣ አካፋ ይዞ፣ እሳት ላይ ወጥቶ ወርዷል ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ቦይ መሻገር የሚፈራ ሰው፣ በዚህ ወገቡ፣ በጨለማ፣ ሳያውቀው! ጫማውን አገላብጦ አየው። አልተቃጠለም።

ለማን ይናገር? ለደርበው ቢናገር መሬቱን በገዛ እጁ ማስረከቡ ነው። ለልክየለሽ እንዳይናገር ደግሞ ልክየለሽ ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆናበታለች። ምግቡን ታመጣለች፤ ፊቱን አታይም። ቢጠይቋት በአንድ ቃል ትመልሳለች። በቀትር ልጇን ታቅፋ እንደ ተቀመጠች ታንቀላፋለች። ወንድሟ ጫግኒ ሱቅ አለው፤ አንድ ጊዜ ተጣልተው «ጫግኒ እሄድልሃለሁ!» ብላው ነበር። ምንይችል ያቺን ቃል አልረሳትም። ሕመምተኛ ሰለቻት፣ ልቧ ሄዷል፣ የቀራት እግሯ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ፍርሃቱን ለራሱ ዋጠው።

ላለመተኛት ያላደረገው ነገር የለም። ቡና ቆረጠመ። ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ። ጉቶውን ትቶ የሾለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሚያመው ጎኑ ሆን ብሎ ተደገፈና፣ ያን ሁሉ ዘመን ሲረግመው የኖረውን ሕመም እባክህ ቀስቅሰኝ ብሎ ለመነው። ሕመሙም ከዳው። እንቅልፍ በሕመሙ ላይ ተረማምዶ መጣ። ጧት ሲነቃ ሌላ እርጥብ አፈር አየ።

በዚህ ጊዜ ገመድ አመጣ። እግሩን ከጉቶው ጋር አስሮ፣ በቋጠሮው ላይ ቋጠሮ ደረበበት። በእንቅልፉ ቢነሣ ገመዱ ይጥለዋል፤ እሳት ውስጥ ከመግባት ይሻላል። ሲነጋ ገመዱ እንደታሰረ ነው። ቋጠሮው አልተነካም። የክምሩ አናት ላይ ግን፣ ከሁሉ አደገኛ በሆነው ቦታ፣ አዲስ አፈር ተከምሮ በአካፋ ጀርባ ተደልድሏል።

«እኔ አይደለሁማ!» አለ ጮክ ብሎ። ደስታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። እሱ ካልሆነ ማነው? ዱካ ፈለገ። መሬቱ በቅጠል ተጠርጓል። በስመ አብ ብሎ አማተበ። ልጅ ሆኖ በጫካ ስለሚሄዱ፣ ስማቸው ስለማይጠራ ነገሮች የሰማው ሁሉ ተመለሰበት። ሰይጣን ዱካውን በቅጠል እየጠረገ እንደማይሄድ ያልደከመ ሰው ያውቃል። የምንይችል ጭንቅላት ግን ከደከመ ቆይቷል። ከዛፎቹ መሐል አንድ ነገር ቆሞ ያየው ይመስለው ጀመር፣ በቀን ብርሃን።

ገመዱን ፈትቶ ሳይጨርስ የፈረስ ኮቴ ሰማ። ገመዱን በጋቢው ሥር ሸሸገው። ደርበው ነበር። ከፈረሱ ሳይወርድ ክምሩን ዞሮ አየና፣

«ማታ ሰው መጥቶ ነበር?» አለው።

ምንይችል ጋቢውን ገመዱ ላይ ሳበ። ሊፈትነኝ ነው፣ መተኛቴን አውቋል ብሎ አሰበ። «ማን ይመጣል ጋሼ? ማንም ዝር አላለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔን አልከደንኩም እኮ ነው የምልህ። አይጥ ብታልፍ አውቃለሁ።»

«ማንም አልመጣም?»

«የሻረግ ትሙት!»

የደርበው ፊት ከሰል መሰለ። «እንግዲያው ከሰዓት ቤት ና። ክምሩን ጎረቤት ያይልሃል» አለና ፈረሱን አዞረ። ምንይችል ፈተናውን ያለፈ መስሎት ተነፈሰ።

ከሰዓት በዱላ እየተደገፈ በክምሩና በቤቱ መካከል ያለውን ጅረት ተሻግሮ ቤት ሲደርስ የሻረግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ደርበው ቆሟል፣ ልክየለሽ ልጇን ታቅፋ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማንም «ደህና ዋልህ» አላለውም።

የሻረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። «ልጄ፣ እኔ የሰው ቤት ማፍረስ አልወድም። ሕፃኗ ሌሊት እናቷን እየጠራች አለቀሰች። ተነሥቼ ብዳብስ የእናቷ መኝታ ቀዝቅዟል። ዛሬ ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ሆኗል፤ ዝም ብዬ ነው። የት ነበርሽ ብላት አትመልስልኝም።»

«መጀመሪያ ወደ አንተ የመጣች መስሎኝ ነበር» አለ ደርበው። «ጧት የጠየቅሁህ ለዚህ ነው። አንተ በእናትህ ምለህ ማንም አልመጣም አልክ። ታዲያ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ምንይችል የያዘው ዱላ የከዳው መሰለው። ጫግኒ የምትለው ቃል በጆሮው ጮኸች። ያ ሁሉ ማንቀላፋት፣ ያ ሁሉ ዝምታ። የፈራው ነገር ቤቱ ገብቶ ጠብቆታል። «ልክየለሽ» አለ። «የት ነበርሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ለሳምንታት ያላየችውን ፊቱን አሁን አየችው። ቁጣም ፍርሃትም አልነበረባትም፤ ምን እንደ ነበረባት ሊያነብ አልቻለም። «የምመልሰው የለኝም» አለች።

«ተናገሪ እንጂ!» የሻረግ በአገውኛ ጮኸችባት፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል።

«እማማ፣ እባክዎ ይተዉኝ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይጠራ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ትመለስ» አለ ደርበው።

ሕፃኗ ጩኸቱን ስትሰማ ደንግጣ ተወራጨች። ልክየለሽ ልታባብላት ስትዞር ቀሚሷ ገለጥ አለና እግሯ ታየ። ምንይችል ዓይኑ እዚያ ቀረ። የኮንጎ ጫማዋ ሶል ቀልጦ ተጣሟል፤ ከአውራ ጣቷ በኩል ላስቲኩ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ቆዳው ውኃ ቋጥሯል። ጫማ እንዲያ የሚያደርገውን ነገር በዚያ መንደር ሕፃን እንኳን ያውቃል። ደርበውም ያውቃል፤ እሱ ግን ፊቷን እንጂ እግሯን አላየም።

የተጠረገው ዱካ። በአካፋ ጀርባ የተደለደለው አፈር። ጫካ ውስጥ የቆመው ነገር።

ከዚያ በኋላ የመጣበት ፍርሃት ከእስከ ዛሬው ሁሉ የከፋ ነበር። በክምሩ አናት ላይ፣ በጨለማ፣ ከሥሯ ባዶና እሳት ሆኖ፣ በኮንጎ ጫማ ቆማ ታየችው። እሱስ? እሱ አጠገቧ፣ በገዛ ገመዱ ከጉቶ ጋር ታስሮ ተኝቷል። ብትወድቅ አይሰማም። ቢሰማም ቋጠሮ እስኪፈታ ትነድ ነበር።

ዝምታዋም ገባው። «ወደ እሱ ነበር የሄድኩት» ብትል ትድን ነበር። ግን እሱ ማንም አልመጣም ብሎ ምሏል። አንዲት ቃል ከወጣት ደርበው «ለካ ተኝቶ ነው!» ይላል፤ መሬቱም ከዚያች ቃል ጋር ይሄዳል። ያንን ከማለት ባለጌ መባልን መርጣለች።

እውነቱን ለመናገር ምንይችል ወዲያው አፉን አልከፈተም። መሬቱ ታየው። እንጅባራ፣ የሰው በር፣ የጥበቃ ካፖርት ታየው። ፍርሃቱ ዝም በል፣ ሁለት ቀን ታግሠህ በሌላ መንገድ አስታርቃት አለው። ደርበው ሽማግሌ ለመጥራት ፈረሱን ሊያመጣ ሲዞር ነው ቃሉ የወጣው።

«ተኝቼ ነበር።»

«ምን?»

«ተኝቼ ነበር አልኩህ። ማታም፣ ከዚያ በፊትም። ክምሩን የደፈነችው እሷ ናት። እግሯን እየው።»

የሻረግ ከበርጩማዋ ወርዳ ተንበረከከች፣ የልክየለሽን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ደርበው ከቆመበት ሆኖ አየ። ከዚያ ፈረሱን ትቶ በእግሩ ወደ ጅረቱ ወረደ። የሻረግ ቅቤ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።

«ለምን ተናገርክ?» አለች ልክየለሽ። ተቆጥታ ነበር። «ያን ሁሉ የደከምኩት እንድትናገር ነው?»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

የልጇን ፀጉር ነካካች። «በመጀመሪያው ቀን ጋቢ ላመጣልህ ነው የመጣሁት፤ ብርድ ነበር። ክምሩ ተቀድዶ እሳቱ ይታያል። ልጮህ ስል አየሁህ። ተኝተሃል። ከወደቅህ ወዲህ ስትተኛ አይቼህ አላውቅም፤ ፊትህ እንኳን ሌላ ነበር፣ የድሮህ ነበር። እንዴት ብዬ ልቀስቅስህ?» እንባዋ መጣ። «ከዚያማ በየቀኑ ስትተኛ ላይህ መጣሁ።»

ምንይችል አጠገቧ ለመቀመጥ ጎንበስ ሲል ወገቡ እንደ ወትሮው ወጋው፤ ተቀመጠ። የሻረግ ቅቤውን ይዛ ስትመለስ ልክየለሽ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እግሯን ሲቀቧት አልነቃችም። ወደ ቤት አስገብተው ሲያስተኟትም አልነቃችም።

ደርበው ክምሩን ሲጠብቅ አድሮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ለጎረቤት አደራ ብሎ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ የቅልጥሙ ፀጉር ተለብልቧል። ውኃ ጠይቆ ጠጣና መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ሁለት ቦታ ተቀደደ። አንዱ አናቱ ላይ ነው። ለመውጣት ፈራሁ።» ይህን ቃል ከአፉ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም። «በረጅም እንጨት አፈር እየገፋሁ ነው የደፈንኩት። እሷ እንዴት ወጣችበት?»

ምንይችል የውኃውን ጣሳ ተቀበለው።

«ዛሬ አብረን እንሄዳለን» አለ። «አንተ ስትተኛ እኔ አያለሁ፣ እኔ ስተኛ አንተ። የመሬቱን ነገር ሌላ ቀን እናነሣዋለን።» ሌላ ቀን የምትለዋ ቃል ምንይችልን ወጋችው፤ ግን ሊጠይቅ አልደፈረም።

ድምፁን ሰምታ ይሁን በሕልሟ፣ ልክየለሽ ከውስጥ «ተቀደደ!» ብላ ጮኸች። ምንይችል ሲገባ ከመኝታዋ ወርዳ፣ በቆሰለ እግሯ ቆማ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች አካፋ ትፈልጋለች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እሱን ግን አያይም። ትከሻዋን ይዞ ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

«ነቅተሃል?» አለችው፣ ማን እንደሆነ ስታውቅ።

ለዚህ ጥያቄ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የሚሰጠው አንድ መልስ ነበረው። «እኔ እኮ አልተኛም» የሚለው ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው።

«አሁን ነቅቻለሁ» አላት። «እንቅልፍ ሲመጣብኝ እነግርሻለሁ።»